ለአባትስ ማን ይቁምለት?

ለዛሬ ያዘጋጀሁላችሁ ስለ ቤት ኪራይ ደላሎች ነበር። ደላሎቹ ይቆዩን፤ የትም አይሄዱም። በዚህ በስልክ ዘመን ከደብተር ላይ ተቀዶ፣ በእጅ ተጽፎ፣ አራት ቦታ ታጥፎ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝና ሐሳቤን አስቀየረኝ። ረዘም ስለሚል ከመሐል ከመሐሉ ላስነብባችሁ።

«…ዕድሜዬ 29 ነው። ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የውሃ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። ከባለቤቴ ጋር በሽማግሌ ተጋብተን ስድስት ዓመት ኖረናል። ዘንድሮ አምስት ዓመት የሞላው አንድ ወንድ ልጅ አለን። ከስምንት ወር በፊት ተጣላንና ልጁን ይዛ አዲስ አበባ ቤተሰቦቿ ዘንድ ገባች። መጀመሪያ ላይ እሑድ እሑድ እየሄድኩ አየው ነበር። አሁን ወንድሟ ከበር ይመልሰኛል። እኔም ተናደድኩና በየወሩ የምሰጠውን ብር አቆምኩ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ 40 ሺህ ብር ካመጣህ ልጁን በአንድ ወር አስረክብሃለሁ አለኝ። 40 ሺህ ብር በሕልሜም አላየሁ። ሴቶች ማኅበር አላቸው፣ ጠበቃ በነፃ ይቆምላቸዋል ሲባል እሰማለሁ። ለእኛ ለአባቶችስ ማን አለን? አንዳንዴ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ጠብቄ ልጄን ይዤ ጥርግ ልበል እላለሁ። ምን ትለኛለህ?

ግራ የገባው አባት፣ ከሱሉልታ»

ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። አንደኛ፣ እኔም የአዲስ አበባ ኪራይ አባሮኝ ሱሉልታ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት በዚያ ብርድ ወደ አዲሱ ገበያ ለሚሄደው ሚኒባስ ስንጋፋ ከዚህ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሳንነካካ አልቀረንም።

ሁለተኛው ምክንያቴ የራሴ ነው። እኔ አባቴን በዓመት አንዴ፣ ለእንቁጣጣሽ ብቻ እያየሁ ነው ያደግኩት። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩ ሰሞን ደፈር ብዬ «ለምን አትመጣም ነበር?» አልኩት። «ፍርድ ቤት በገንዘብ ነው፣ አንተ አትችለውም ብለውኝ» አለኝ። በቃ፣ ይቺኑ ብቻ! ማን እንዳለው አላውቅም። ያ ሰው ግን በአንዲት አረፍተ ነገር ከእኔም ከአባቴም ላይ አሥራ ምናምን ዓመት ወስዷል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጉዳይህን እንደ ራሴ ጉዳይ ያዝኩት። የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ሰሞኑን የማውቃቸውን ጠበቆች ቡና እየጋበዝኩ ለፈለፍኳቸው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጎን ተቀምጬ ዋልኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ

ደብዳቤህ ላይ «ተጣላን» ብለህ አለፍክ። እንዴት ነው የተጣላችሁት? እጅህን አንስተህባት ወይም ልጁን አስፈራርተህ ከሆነ፣ ወንድሟ በር ላይ የሚቆመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳኛም ይህን ያያል። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ራስህን ፈትሽ። ነገሩ ተራ የባልና ሚስት ኩርፊያ ከሆነ ግን አብረን እንቀጥል።

«ለአባቶች» የሚል በር

ዞሬ ዞሬ በሩ ላይ «ለአባቶች» ተብሎ የተጻፈበት ቢሮ አላገኘሁም። ሴቶቹ ያልካቸው እውነት ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ አቅም ለሌላቸው ሴቶች የነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የኖረ ነው። በዚህ ግን አትቅና። ማኅበሩ የቆመው ፍርድ ቤት ደጃፍ መድረስ ለማይችሉ ሴቶች ነው። ደግሞም እሱና መሰሎቹ የተሟገቱለት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለአንተም ጠቅሞሃል። እንዴት? ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለአሁኑ ይህን ያዝ። «ለአባት» የሚል በር ባይኖርም «ለደሀ» እና «ለልጅ» የሚሉ በሮች አሉ። አንተ ኪስህ ባዶ ነው፤ ልጅም አለህ። በእነሱ ግባ!

የደሀው በር

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከወጣ ከ1958 ዓ.ም ጀምሮ አንድ ነገር ይዟል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ሳይከፍል ክስ የሚያቀርብበት መንገድ ነው። ፍርድ ቤት አካባቢ «በደሀ ደንብ መክሰስ» ይሉታል። ያለህን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝረህ፣ እውነት ስለመሆኑ ቃለ መሐላ ሰጥተህ ታመለክታለህ። ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ካመነበት ትፈቀድልሃለች። ታዲያ መዋሸት የለም! ሐሰት ከተገኘ ፈቃዱ ይነሣብሃል። ደሞዝተኛ ስለሆንክ ላይፈቀድልህም ይችላል። ቢሆንም አትደንግጥ። የልጅ ጉዳይ በገንዘብ የሚተመን ክስ ስላልሆነ ዳኝነቱ እንደ ቤትና እንደ መኪና ክርክር ጀርባ አይሰብርም።

ለጠበቃውስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። በ2013 ዓ.ም የወጣው የጥብቅና አዋጅም (ቁጥር 1249) ነፃ አገልግሎቱን የጠበቃ ግዴታ አድርጎ አስቀጥሎታል። ስለዚህ ጠበቃ ቢሮ ገብተህ «ገንዘብ የለኝም፤ የነፃ አገልግሎት ጉዳይ ይቀበላሉ ወይ?» ማለት ልመና አይደለም። አንዱ «ዘንድሮ ሞልቷል» ቢልህ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጋ ሂድ። እኔ ያነጋገርኳቸው አንድ ጠበቃ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ሰው አይጠይቀንም እኮ! ዋጋ ጠይቆ፣ ደንግጦ ነው የሚወጣው።»

ሌላው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሲያካሂዱ ኖረዋል። ምክር ይሰጣሉ፣ የክስ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ አንዳንዴም ችሎት ይቆማሉ። ቅድሚያ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቢሰጡም የአቅም ማነስን በማስረጃ ያሳየ ወንድ ደጃፋቸውን ቢያንኳኳ ነውር የለውም።

ማስረጃ ስልህ የቀበሌ ደብዳቤ ማለቴ ነው። የሱሉልታ ልጅ በመሆናችን ግን እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለብን። ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናት፤ የመሥሪያ ቤቶቿ ደብዳቤ የሚወጣው በአፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ በአማርኛ ይሠራል። ስለዚህ ደብዳቤህን ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት አስተርጉመህ ሂድ። አለዚያ «አስተርጉመህ ና» ተብለህ ከዳገቱ ማዶ ትመለሳለህ፤ የአንድ ቀን ደሞዝም አለቀ።

ሌላም በር እንዳይሸውድህ። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የሚባል አለ። ዋና ሥራው በወንጀል ተከሰው ጠበቃ ማቆም ላልቻሉ ሰዎች ነው። ለልጅ ጉዳይ እዚያ ተሰልፈህ አትዋል።

የትኛው ፍርድ ቤት?

«እኔ ሱሉልታ፣ እሷ አዲስ አበባ፤ የት ልክሰስ?» ትለኝ ይሆናል። ደንቡ ቀላል ነው። ክስ በመሠረቱ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት አካባቢ ነው የሚቀርበው። እሷ አዲስ አበባ ስላለች ያንተ መንገድ ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ይወስዳል። ከዚህ በፊት ሱሉልታ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ውሳኔ ተሰጥቶ ቢሆን ግን አዲስ መዝገብ ከመክፈትህ በፊት ያንኑ መዝገብ ይዘህ እዚያው ትጠይቅ ነበር።

ባለቤታቸው እዚሁ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ወይም ቡራዩ ያለች አንባቢዎቼ ደግሞ የእናንተ ጉዳይ በኦሮሚያ ፍርድ ቤት፣ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚታየው። ማመልከቻችሁን በቋንቋው የሚጽፍ ሰው ፈልጉ። ሌላም አማራጭ አላችሁ። ክልሉ በ2013 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን በሕግ አቋቁሟል። ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ከቀረባችሁ ሽማግሌዎቹ ነገሩን በቅርብ፣ ያለ ብዙ ወጪ ያዩላችኋል። ልጄን መቼ ልየው ለሚል ጥያቄ አንዳንዴ ከሦስት ቀጠሮ አንድ የሽማግሌ ቀን ይሻላል።

የልጁ በር

አሁን ወደ ዋናው መጣን። «እስከ አምስት ዓመቱ ልጅ የእናት ነው» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ይህ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር እንዲሆን ተጽፎ ነበር። ያው ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም አነሣቸው። አባትና እናት በትዳር ዘመናቸው በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። ፍቺ ሲመጣ ደግሞ ዳኛው የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ነው የሚወስነው። ወላጅና ልጅ የሚጠያየቁበትንም አብሮ ይወስናል። ቅድም «ለአንተም ጠቅሞሃል» ያልኩህ ይህን ነው። ሚስትህን እኩል ያደረገው ሕግ አንተንም ከልጅህ ፊት እኩል አቁሞሃል።

ደግሞ ልብ በል። እናንተ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ አልተፋታችሁም። ፍቺ የሚጸናው በፍርድ ቤት ሲሆን ነው። ለብዙ ዓመት ተለያይቶ የየራሱን ኑሮ የመሠረተ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ የስምንት ወር ኩርፊያ ግን ትዳር አያፈርስም። ፍቺ ልትጠይቅ ከሆነ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ በልጁ አያያዝና ቀለብ ላይ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ማመልከት ትችላለህ። ፍቺ ካልፈለግህም እሰየው! የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ (ቁጥር 1234/2013) በፍርድ ቤት ውስጥ የሚካሄድ የአስማሚነት ሥርዓት አምጥቷል፤ ተጠቀሙበት።

በችሎቱ ውስጥ የሚረዳህ ደግሞ ሁልጊዜ ጠበቃ ላይሆን ይችላል። የቤተሰብ ችሎቶች ልጁ በምን ሁኔታ እንዳለ እንዲያጣሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችን ያዛሉ። ልጁን ያነጋግራሉ፤ አባትንም እናትንም ያያሉ፤ ለዳኛው ሪፖርት ያቀርባሉ። ለዚህ ሰው በእውነት ተናገር። «እሷ እንዲህ ናት» እያልክ ሰዓት አትፍጅ። ልጅህ ምን እንደሚወድ፣ ማታ ምን እንደሚያስፈራው፣ የትኛው ምግብ እንደማይስማማው ንገረው። አባትነትህ እዚያ ላይ ነው የሚታየው።

ለምን መሰለህ? የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነውን ስማ። እናት ሞታለች፤ ልጁን አክስቱ ታሳድጋለች። አባት ብቅ ብሎ ሞግዚትነት ይገባኛል አለ። በሕጉ ተራ ንባብ እናት ከሞተች ቀሪው ወላጅ አባት ነውና የሥር ፍርድ ቤቶች ሰጡት። ሰበር ግን አባትየው ልጁን ለዓመታት ዞር ብሎ እንዳላየው አይቶ፣ ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ፣ ከሁሉ በፊት የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ። ልጁ ከአክስቱ ጋር ቀረ።

ይህ ውሳኔ ለአንተ ሁለት ነገር ይልሃል። በደም ብቻ አባት ነኝ ማለት አይበቃም። በልጁ ሕይወት ውስጥ የቆየ አባት ግን የሚያሳየው አለው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት አለው ይላል። እንግዲህ ችሎት ስትቆም «መብቴ ተነካ» ከማለት «የልጄ መብት ተነካ» በል። እውነቱም ይኸው ነው።

አሁኑኑ የምታደርገው

አንደኛ፣ ብሩን ነገውኑ ጀምር! ብሩን ያቆምከው እሷን የቀጣህ መስሎህ ነው። ጫማው የሚጠበው ግን ልጁን ነው። ቀለብ ልጅን ለማየት የሚቆረጥ የመግቢያ ትኬት አይደለም፤ ባታየውም ትከፍላለህ። መጠኑ በልጁ ፍላጎትና በአንተ አቅም ይለካል። አቅምህ 1,000 ብር ከሆነ 1,000 ብር ላክ። በእጅ አትስጥ። በባንክ ወይም በቴሌብር ላክና ምክንያቱ ላይ «የልጄ ቀለብ» ብለህ ጻፍ። ያቺ መልእክት ከሦስት ምስክር ትበልጥልሃለች።

ሁለተኛ፣ ወረቀትህን ሰብስብ። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ከነአባት ስሙ (ከሌለው አውጣለት)፣ መታወቂያህ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ እሱ ከሌለ ሽማግሌ የነበሩት ሰዎች፣ የመዋዕለ ሕፃናት ደረሰኝ፣ የደሞዝ ማስረጃ፣ የፈረቃ ፕሮግራምህ። በር ድረስ ሄደህ የተመለስክባቸውን ቀናት በደብተር ጻፍ፤ ደብተር እንዳለህ አውቃለሁ!

ሦስተኛ፣ የምትጠይቀውን ቁረጥ። በፈረቃ የምትሠራ፣ ሌሊት ቤት የማታድር ሰው «ልጁ ሙሉ በሙሉ ይሰጠኝ» ብትል ዳኛው «ማታ ማን ያስተኛዋል?» ይልሃል። ከሚቻለው ጀምር። ቅዳሜ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የት ትረካከባላችሁ፣ በዓል እንዴት፣ በስልክ መቼ። ኑሮህ ሲለወጥ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ መጠየቅ ይቻላል።

አራተኛ፣ ቀጠሮ አታሳልፍ። ከሳሽ ሲቀር መዝገብ ይዘጋል። የእንጦጦን ቁልቁለትና የአዲሱ ገበያን መጨናነቅ ታውቀዋለህ። የሦስት ሰዓት ቀጠሮ ካለህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተገኝ።

አምስተኛ፣ ያንን የ40 ሺህ ብር ሰውዬ «የጥብቅና ፈቃድህን አሳየኝ» በለው። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ውል ይጽፋል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፤ «በአንድ ወር አስረክብሃለሁ» ብሎም አይምልልህም። ፍርድ በእጁ አይደለምና።

ስድስተኛው ልመና ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ እንዳትቆም! ልጁን ጎትተህ ሚኒባስ ውስጥ ስታስገባው አባቱን ያገኘ አይመስለውም፤ እናቱን ያጣ ነው የሚመስለው። ዛሬ በር ላይ የሚመልሱህ እነሱ ናቸው ጥፋተኞቹ። ያን ያደረግህ ቀን ግን ፖሊስ የሚፈልገው አንተን ይሆናል፤ ዳኛው ፊት የሚነበበውም እሱ ነው።

እህቶቼ፣ እናንተም ይህን ካነበባችሁ አንዲት ቃል ልጣል። ሰውየው ክፉ ባል ሊሆን ይችላል። ካስፈራችሁ ለዳኛ ንገሩ፤ ሕጉ ይጠብቃችኋል። ካላስፈራችሁ ግን በሩን ክፈቱለት። እኔ በዚያ በር ውስጥ ሆኜ የጫማ ኮቴ ሳዳምጥ ያደግኩ ልጅ ነኝ።

ወንድሜ፣ ነገሩ ቶሎ ላያልቅ ይችላል፤ ያለቀም ቀን የተመኘኸውን ሁሉ ላታገኝ ትችላለህ። ግን ልጅህ አንድ ቀን አድጎ «ለምን አትመጣም ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የኔ አባት ለዚያ ጥያቄ የነበረው የሰው ወሬ ብቻ ነው። አንተ የመዝገብ ቁጥር ይኑርህ።

ውጤቱን ጻፍልኝ። ሳምንት በደላሎቹ ጉዳይ እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ!